ጨረቃና የኤልክ አደን፦ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች የኤልክ አደን ሊከፈት ሲቃረብ ብዙ አዳኝ አስቀድሞ የሚያየው የጨረቃን ሙላት ነው። ጨረቃ ከሞላች ኤልኩ ሌሊቱን ሲግጥ ያድራል፣ ጎሕ ሳይቀድ ጠግቦ ጫካ ይገባል፣ አዳኙም ባዶ ሜዳ ሲያይ ይውላል ይባላል። በዚህ ምክንያት የዓመት ፈቃዱን የሚያዛውር፣ ገንዘብ የከፈለበትን ጉዞ የሚሰርዝ ሰው አለ። በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አደን ለመሞከር የሚያስብ ካለም፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ቀድሞ የሚሰማው ምክር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ምክሩ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ ችግሩ ለጨረቃ የሌላትን ሥልጣን መስጠቱ ነው። የጨረቃ ብርሃን ኤልኩ ወደ ሜዳ የሚወጣበትንና ወደ ጫካ የሚገባበትን ሰዓት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል። አደኑ እንዲሳካ ወይም እንዳይሳካ የሚያደርጉት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው። ከእንስሳው እንጀምር።

ኤልክ እንዴት ይውላል፣ እንዴት ያድራል?

ኤልክ ከዋላ ወገን ነው። ጎልማሳው ኮርማ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ቀንዱ ከመጋቢት ጀምሮ እየወደቀ እስከ ነሐሴ እንደገና በቅሎ ይጠነክራል። ገደብ በሌለው አደን ምክንያት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ያላት ኮሎራዶ ስትሆን በእርሷ ብቻ 280,000 ገደማ አለ።

ለርእሳችን የሚያስፈልገው ዋናው ነገር አመጋገቡ ነው። ኤልክ የሚያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ ሆዱን በሣር ይሞላል፣ ሄዶ ይተኛል፣ ያመሰኳል፣ ተነሥቶ ደግሞ ይግጣል። ይህን በ24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሌሊት ጠግቦ ያደረ ኤልክ ቀኑን ሙሉ አይነሣም ማለት አይቻልም። ከግጦሾቹ ሁሉ ትልልቆቹ ሁለቱ ግን ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ የሚሆኑት ናቸው። አዳኙም የሚጠብቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። የጨረቃ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ብርሃኗ እነዚህን ሁለት ሰዓታት ይነካቸዋል ወይ?

የጨረቃ ሰዓት

አብዛኛው ሰው ጨረቃን በሙላቷ ብቻ ይመዝናታል። እኔ ግን ተማሪ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የማስተምረው የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ነው።

ጨረቃ አንዱን ዙር በ29 ቀን ተኩል ትጨርሳለች፤ በየቀኑም ካለፈው ቀን በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ዙሩ ሲጀምር ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትጠልቅ ሌሊቱ ጨለማ ነው። ሳምንት ገደማ ሲሆናት በግማሽ ትታያለች፤ እኩለ ቀን ላይ ወጥታ እኩለ ሌሊት ላይ ትጠልቃለች። ስትሞላ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣና ፀሐይ ስትወጣ ትጠልቃለች፤ ሌሊቱን በሙሉ ሰማይ ላይ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እየጎደለች ሄዳ እንደገና በግማሽ ስትታይ እኩለ ሌሊት ላይ ትወጣለች፣ ሲነጋም ከፍ ብላ ትታያለች።

እንግዲህ በወር ውስጥ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች አሉ ማለት ነው። የስልክ መተግበሪያ ሁለቱንም 50 በመቶ ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ለአዳኝ ግን የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ ምሽቱ ብርሃን ነው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ግን ጨለማ ነው። በሁለተኛው የተገላቢጦሽ ይሆናል። ኤልኩ ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ላይ መኖር አለመኖሩ ከጨረቃ ጋር ግንኙነት ካለው፣ ግንኙነቱ ከመቶኛው ቁጥር ይልቅ ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ብርሃን ከመኖሩና ካለመኖሩ ጋር ነው። የአደን ውይይቶች ብዙ ጊዜ ይህን ስለሚዘሉ፣ «ጨረቃዋ አንድ ሆና ውጤቱ ለምን ተለያየ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

በመስከረም ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን በኮሎራዶ ኬክሮስ ላይ የምትሞላው ጨረቃ በየቀኑ የምትዘገየው 50 ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ የተነሣ ለተከታታይ ቀናት ፀሐይ ከመጥለቋ ጨረቃ ትተካለች፤ በመካከል የሚቆይ ጨለማ የለም። ይህ የሚሆነው ኤልኮች በስሪያ ወቅት ላይ ባሉበት ጊዜ በመሆኑ፣ ሰዎች ጨረቃንና የኮርማውን ጩኸት አንድ ላይ ማሰባቸው አያስደንቅም።

ብርሃኑ ምን ያህል ነው?

የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ለዓይናችን ብዙ ቢመስልም ከ0.3 ሉክስ እምብዛም አያልፍም፤ ፀሐይ ከእርሷ 400,000 ጊዜ ገደማ ትደምቃለች። ከዋክብት ብቻ ባሉበት ሌሊት ብርሃኑ ወደ 0.001 ሉክስ ይወርዳል። ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ ታበራለች ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የጨረቃ ገጽ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ፀሐይ ከጎን ስትመታው በጥላ ይሞላል፤ ስለዚህ ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠው የሙሉዋን አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በእውነት ደማቅ የሚባሉት ሌሊቶች በወር ውስጥ ከሙላቷ ፊትና ኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው።

የኤልክ ዓይን ለዚህ ትንሽ ብርሃን የተሠራ ነው። ከሬቲናው ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ ሌሊት በመኪና መብራት ሲመታ ዓይኑ የሚያበራው ለዚህ ነው። ስለዚህ በከዋክብት ብርሃንም ቢሆን ይግጣል፣ ይሄዳል፣ ይሸሻል። ጨለማ ለኤልክ እንደ እኛ መሰናክል አይደለም፤ ብርሃን ሲጨመርለት የሚያገኘው ጥቅምም እኛ ከምናገኘው ያነሰ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ወፍራም ደመና ካለ የጨረቃዋ ሙላት በቀን መቁጠሪያው ላይ ብቻ ይቀራል። ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ጫካ ውስጥም ብርሃኗ መሬት እምብዛም አይደርስም። በረዶ በሸፈነው ሜዳ ላይ ግን ብርሃኑ ተመልሶ ስለሚንጸባረቅ ሌሊቱ እጅግ ይደምቃል፤ ታኅሣሥ ላይ ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ከፍ ብላ ስለምትሄድ ድምቀቱ ይብሳል። በቀን መቁጠሪያው ላይ አንድ የሆኑ ሁለት ጨረቃዎች እንዲህ የተለያየ ሌሊት ይፈጥራሉ።

በደማቅ ሌሊት የሚሆነው

ልምድ ያላቸው አዳኞች የሚናገሩት ይህን ነው፦ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ኤልኮች ከሜዳ ቀድመው ይለቃሉ፣ ጎሕ ሲቀድ የሚታየው የመንጋው ጅራት ብቻ ነው፣ እኩለ ቀን አካባቢ ግን ከተኙበት ተነሥተው በጫካው ዳርና በጥላው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይገኛሉ። ከአመጋገባቸው ጋር ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሌሊት በደንብ የጋጠ እንስሳ ንጋት ላይ ሜዳ ላይ ለመቆየት አይገደድም፤ ሲያመሰኳ አርፍዶም ሆዱ ሲጎድል በቀን ይነሣል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። የኤልክ ዘመድ በሆነው ባለ ነጭ ጅራት ዋላ ላይ፣ በአንገቱ ጂፒኤስ ታስሮ በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች በየትኛውም የጨረቃ ቀን ዋላዎቹ አብዝተው የተንቀሳቀሱት ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ጨረቃ አሻራ ካላትም ትንሽ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የጨረቃ ተጽዕኖ ካለ በደቂቃዎች ወይም ቢበዛ በአንድ ሰዓት የሚቆጠር የሰዓት መዛወር ነው። ኤልኩ ከተራራው አይጠፋም። ጠዋት ከሜዳ የሚለቅበት ሰዓት መለወጥ ግን ለአዳኝ ቀላል አይደለም፤ ሕጉ መተኮስ የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ በመሆኑ፣ ኤልኩ ከዚያ በፊት ጫካ ከገባ አዳኙ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

የስሪያ ወቅትና አበቅቴ

ከእምነቶቹ ሁሉ የማልቀበለው ጨረቃ የስሪያውን ወቅት ታመጣለች የሚለውን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንባቢ ከማንም በፊት ዝግጁ ነው።

የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ 12 የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ብቻ ይሆናሉ። ልዩነቱ 11 ቀን ነው፤ ሊቃውንቱ ጥንተ አበቅቴ ብለው የያዙት ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የጨረቃ ሙላት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሸሸ ይሄዳል፤ ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለሰውም በ19 ዓመት ዑደት ነው። በኮሎራዶ ሰማይ ሲታይ ጨረቃ እ.ኤ.አ. በ2023 ሴፕቴምበር 29፣ በ2024 ሴፕቴምበር 17፣ በ2025 ደግሞ ሴፕቴምበር 7 ሞልታለች። የስሪያው ወቅት በጨረቃ የሚመራ ቢሆን ኖሮ እርሱም እንዲሁ መዝለል ነበረበት።

አልዘለለም። በሮኪ ተራሮች የኤልክ ስሪያ በየዓመቱ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ይበረታል፤ የመስቀል በዓል የሚውለው በግለቱ መካከል ነው። የሚመራው የቀኑ ርዝመት ነው። ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ በእንስሳው አንጎል ያለችው ፓይኒያል ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ለረዘመ ጊዜ ታመነጫለች፤ ይህም የመራቢያ ሆርሞኖችን ያስነሣል። የቀን ርዝመት ደግሞ ከዓመት ዓመት አይለዋወጥም።

ተፈጥሮ ይህን ያህል የጠነከረችበት ምክንያት ጥጃው ነው። እንስቷ ስምንት ወር ተኩል ገደማ ታረግዛለች፤ የምትወልደውም ሣር ለምለም በሚሆንበት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ቀድሞ የሚወለድ ጥጃ ብርድ ይጠብቀዋል፤ ዘግይቶ የሚወለደው ክረምቱን የሚያሻግረውን ስብ ሳያከማች በረዶው ይደርስበታል። ስሪያው እንደ ጨረቃዋ በየዓመቱ 11 ቀን ቢንቀሳቀስ ብዙ ጥጃ ያልቅ ነበር።

ጨረቃ በዚህ ወቅት የምታደርገው ነገር ቢኖር ጩኸቱ የሚሰማበትን ሰዓት መቀየር ነው። ኮርማው ከጥልቅ ድምፅ ጀምሮ እንደ ፉጨት ወደ ላይ በሚሰላው ጩኸቱ ሌሊትም ቀንም እንስቶቹን ይጠራል፣ ተፎካካሪውን ያስፈራራል። ደማቅና ቀዝቃዛ ሌሊት ላይ ሜዳው በዚህ ድምፅ ይሞላል። ሌሊቱን ሲጮኽና ሲባረር ያደረ ኮርማ ጠዋት ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም አለ ማለት ግን ሄደ ማለት አይደለም። አደን የማይፈልጉ ሰዎች ይህን ድምፅ ለመስማት ብቻ በመስከረም ወደ ኤስተስ ፓርክና ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳሉ። በዴንቨር ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትጸጸቱም።

ተኩላውና ፑማውም ያያሉ

ኤልክ ስለ ብርሃን ሲያስብ ሣሩን ብቻ አያስብም፤ የሚያድኑት እንስሳትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው በአሜሪካው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ በአንገታቸው መከታተያ የታሰረላቸውን ኤልኮች ውሎ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ተኩላዎቹ በሚበረቱባቸው የንጋትና የምሽት ሰዓታት ኤልኮቹ አደገኛውን ሜዳ እንደሚሸሹ፣ ተኩላዎቹ በሚያርፉበት ሌሊት ግን እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። በአንጻሩ ፑማ ሌሊት በጫካና በገደላማ ስፍራ አድፍጦ ይይዛል። ኤልኩ እንግዲህ የየአዳኙን ሰዓትና ቦታ ለይቶ ይሄዳል።

የጨረቃ ብርሃን አድብቶ ለሚያድን እንስሳ ጠላት መሆኑን ከምሥራቅ አፍሪካ የተገኘ መረጃ በደንብ ያሳያል። በታንዛኒያ አንበሶች በሰዎች ላይ ያደረሷቸውን ጥቃቶች የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ጥቃቱ የሚበረታው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ቀናት፣ ጨረቃ ዘግይታ በምትወጣባቸው የመጀመሪያ የጨለማ ሰዓታት መሆኑን አግኝተዋል። በደማቁ ሌሊት የተራበው አንበሳ ጨለማው ሲመለስ ያድናል። እዚህም ወሳኝ ሆኖ የተገኘው የመውጫዋ ሰዓት ነው።

ስለ ሶሉናር ሰንጠረዥ አንድ ቃል

እ.ኤ.አ. በ1926 ጆን አልደን ናይት የተባለ አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ ጨረቃ አናት ላይ ስትሆንና ከእግር በታች ስትሆን እንስሳት ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሶሉናር የሚባሉት ሰንጠረዦች የመጡት ከዚህ ነው፤ ዛሬ በየአደን መጽሔቱና በየስልኩ አሉ። ባሕርን የሚያነሣው የጨረቃ ስበት እንስሳንም ያነሣል የሚል ግምት አለባቸው። ሆኖም የጨረቃ የማዕበል ኃይል ከምድር ስበት አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ነው፤ እርሱም የሚገኘው የምድርን ግማሽ ስፋት ይዞ ሲለካ ነው። በአንድ ኤልክ አካል ላይ ከምንም አይቆጠርም። በሰንጠረዡ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ከጨረቃ የሚበልጡት

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ሰው ነው። የጠመንጃ አደን ሲከፈት ኤልኮች ከሕዝብ መሬት ለቀው አደን ወደማይፈቀድበት የግል መሬት እንደሚሻገሩ በሞንታናና በዩታ በጂፒኤስ ታይቷል። በካናዳ አልበርታ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ብዙ የሚንቀሳቀሱት ኤልኮች እንደሚገደሉ፣ ቆጥበው የሚንቀሳቀሱት እንደሚተርፉ አሳየ። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ደግሞ እንስቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ አዳኝን መሸሽ እንደሚማሩና ወደ አሥር ዓመት ሲደርሱ በአዳኝ የመገደል ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ እንደሚሆን አረጋገጠ። ለዚህ ነው ሰው በሚበዛበት ሳምንት ጨረቃን መውቀስ የማያስኬደው። መኪናዎች መንገዱን ሞልተው ሳለ ኤልኩ ጨለማ ለብሶ ቢሄድ ምክንያቱ ከሰማይ አይፈለግም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ኤልክ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል። በተራራ ላይ አየሩ ሌሊትና ማለዳ ቀዝቅዞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲመሽ ደግሞ ይወርዳል። ይህን ያልጠበቀ አዳኝ በማንኛውም ጨረቃ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ወፍራሙን የክረምት ጠጉር የለበሰ ኤልክ ሞቃት ቀን ላይ ወደ ሰሜን በሚያይ ጥላማ ተረተር ተኝቶ ይውላል። ሙሉ ጨረቃና ሙቀት ሲገጣጠሙ አደኑ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ በጨረቃ ላይ ይላከካል። ውርጭ ሲወርድና በረዶ ሲጥል ደግሞ ኤልኩ በቀን ይግጣል፣ ጨረቃ ሞላች ጎደለች ሳይል።

እንዴት እንጠቀምባት?

የምሄድበትን ሳምንት በጨረቃ አልመርጥም፤ ማንም እንዲመርጥ አልመክርም። ሳምንቱ በስሪያው ግለት፣ በፈቃዱ ዓይነትና በአየሩ ይመረጥ። ጨረቃዋን የምንጠቀምባት ሳምንቱ ከተቆረጠ በኋላ በየቀኑ የትና መቼ እንደምንቀመጥ ለመወሰን ነው።

ጨረቃ ሞልታ ሰማዩም ጥርት ያለ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው መሐል አትጠብቁ። ኤልኩ ከግጦሹ ወደ መኝታው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጫካው ዳር ወይም ከዚያ ገባ ብላችሁ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቆዩ። ምሳችሁንም እዚያው ብሉ፤ በእነዚህ ቀናት እኩለ ቀን ወደ ድንኳን የሚመለስ ሰው የሚያመልጠው ብዙ ነው። ጨረቃ ገና እየሞላች ከሆነና እኩለ ሌሊት ላይ የምትጠልቅ ከሆነ ጠዋቱ ተስፋ አለው፤ በጨለማ ያደረው ኤልክ ሲነጋ ሜዳ ላይ ሊገኝ ይችላል። እየጎደለች ስትሄድ ምሽቱ ይሻላል። ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን ሁለቱም የሜዳ ሰዓቶች ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ በጨለማ ወደ ቦታችሁ መድረስ ነው፤ የግንባር ባትሪና ቀድሞ በቀን የታየ መንገድ ያስፈልጋል። ደማቋ ጨረቃ በበኩሏ ያለ ባትሪ ለመሄድ ትረዳለች፤ ሌሊት ያለ መሣሪያ ወጥቶ ኮርማው የሚጮኽበትን ሸለቆ ሰምቶ ለመለየትም ትመቻለች።

ብርሃኑ ምንም ያህል ቢያሳይ ግን ከሰዓቱ ውጭ መተኮስ ወንጀል ነው። በኮሎራዶም በሞንታናም የተፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በጨረቃ የተተኮሰ እንስሳ በደንብ ሳይመታ ጫካ ገብቶ ሲሠቃይ ያድራል፤ ሕጉ ባይኖርም አይደረግም። በኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም፤ ስለዚህ አዲስ የምትጀምሩ ከጨረቃ ሰንጠረዥ በፊት ያንን ትምህርት ተመዝገቡ።

የኮሎራዶ የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት በጥቅምት መጀመሪያ ተከፍቶ የሚቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው። ጨረቃ ሞላችም ጎደለችም አምስቱንም ቀን ውጡ።